ድልድዩ ሲሰበር ማን ያሰላል? ስለ ስንቅና ትጥቅ ሶፍትዌር ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «ያንተ ሙያ ስለሆነ አንብበው» ብሎኛል። ጸሐፊው ለብዙ ዓመት በሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። የጻፉት ስለ ጦር ሎጂስቲክስ እቅድ ነው፤ በእኛ አነጋገር ስለ ስንቅና ትጥቅ። ፍሬ ሐሳባቸው አንድ ነው። ለዚህ ሥራ ተብለው የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ገንዘብ ይበላሉ እንጂ ጦር ሜዳ ላይ አይጠቅሙም ይላሉ።

ለዚህም ስድስት ምክንያት ያቀርባሉ። ታላላቅ ዘመቻዎች ያለ ኮምፒውተር ተካሂደዋል። ጦርነት እቅድን ያፈርሳል፣ ሶፍትዌር ደግሞ ግትር ነው። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ኮምፒውተር እያለ ንብረት ጠፍቷል። ወጪው ከባድ ነው። ጠላት ሊሰብረው ይችላል። በመጨረሻም የመኮንኑን ጭንቅላት ያደነዝዛል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚያውቁትን ነው የጻፉት፣ ቁጭታቸውም እውነተኛ ነው። ከስድስቱ በአንዱ ሙሉ በሙሉ፣ በሌላው በከፊል እስማማለሁ። በቀሩት ግን አልስማማም፤ የማልስማማበትንም በየተራ ልናገር። እኔ ወታደር አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በጭነት ስምሪትና በንብረት ክፍል ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ከታሪኩ ልጀምር። ጸሐፊው ሁለት ምሳሌ ሰጥተዋል፣ ሁለቱም በእኛው ምድር የሆኑ ናቸው። አንዱ በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ያደረገው ዘመቻ ነው። ሌላው ዓድዋ ነው።

ናፒየርን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። 13,000 ገደማ ወታደር ይዞ ነው የመጣው። ጓዝ ተሸካሚና አገልጋይ ሆኖ የተከተለው ሕዝብ 26,000 ገደማ ነበር። ከ40,000 በላይ እንስሳ ነበረው፣ ከነዚህም 44ቱ ዝሆኖች ነበሩ። ጦሩ በቀይ ባሕር ላይ ካለው ከዙላ ዳርቻ ተነስቶ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራራና ገደል አቋርጦ መቅደላ ደረሰ። ያለ ኮምፒውተር። እውነት ነው።

ግን ጸሐፊው ዙላ ላይ የሆነውን ዘለሉት። በቅሎዎቹ ከየአገሩ ተገዝተው በመርከብ ሲደርሱ የሚረከባቸው በቂ ነጂ አልነበረም። ማሰሪያውና ኮርቻው አልተሟላም። የሚጠጡት ውኃም አልነበረም። ያ ዳርቻ ደረቅ ነው፤ ሰው ራሱ ይጠጣ የነበረው በመርከቦች ላይ ከባሕር ውኃ ተጣርቶ የወጣ ውኃ ነው። በቅሎዎቹ የታሰሩበትን ገመድ እያኘኩ በጠሱ። ውኃ ፍለጋ በአሸዋው ላይ ሲንከራተቱ ብዙዎቹ አለቁ። በሽታም ተጨመረበት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በቅሎም ተገዝቷል፣ ነጂም ተቀጥሯል፣ ኮርቻም ታዟል። የጠፋው ቅደም ተከተሉ ነው። ነጂው ከበቅሎው በኋላ ደረሰ። የሎጂስቲክስ ሶፍትዌር የመጀመሪያ ሥራው ደግሞ ይኸው ነው፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል፣ በየትኛው ወደብ፣ በስንተኛው ቀን። ናፒየር ስህተቱን የሸፈነው በገንዘብ ነው። ዘመቻው በመጨረሻ ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጀ፤ መጀመሪያ ከታሰበው እጅግ ይበልጣል። በመንገዱም በማርያ ቴሬዛ ብር እህልና መኖ ከአገሬው ይገዛ ነበር። በኋላ አፄ ዮሐንስ የተባሉት የትግራዩ ካሣ ምርጫም በሰላም አሳለፉት። እንዲህ ያለ ካዝና ያለው አገር ስንት ነው?

ዓድዋን በአክብሮት ነው የማነሳው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ማንም አይቀንሰውም። ነገር ግን ያ ድል ስለ ስንቅ የሚናገረው ጸሐፊው ካሉት በተቃራኒው ነው። ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ለወራት አንድ አካባቢ ሰፍሮ ነበር። ከቤቱ ይዞት የመጣው ስንቅ አለቀ፤ አካባቢውም ተሟጠጠ። የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ጥቂት ቀናት ቢታገሥ ኖሮ የአፄ ምኒልክ ጦር በረሃብ ምክንያት ለመነሳት ይገደድ እንደነበር የታሪክ ሰዎች ይነግሩናል። ለጣሊያኖቹም ስንቅ የቀራቸው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። ሁለት የተራቡ ጦሮች ነበሩ የተያዩት።

የጦሩ ስንቅ ሲያልቅ ደግሞ ከየት ነበር የሚመጣው? ከባላገሩ ጎተራ። በአገራችን ታሪክ ጦር ያለፈበት መንደር ምን እንደሚሆን አያቶቻችን ያውቁታል። ዘሩ ሳይቀር ይበላል፣ በሬው ይታረዳል። ያልተሰላ ስንቅ ዕዳው የሚወድቀው በጦርነቱ ላይ ምንም ድምፅ በሌለው ገበሬ ላይ ነው። ስለዚህ «ድሮ ያለ ስሌት ተችሏል» ሲባል እኔ የምጠይቀው በማን ኪሳራ እንደተቻለ ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ዋናው ነው፤ ከሁሉም በላይ የምከራከረውም በዚህ ላይ ነው። ጦርነት እቅድን ያፈርሳል፣ ሶፍትዌር ደግሞ በእቅድ የታሰረ ነው ይላሉ። የፕራሻውን (የኋላዋን ጀርመን) የጦር መሪ ሞልትከን ምስክር ይጠራሉ። ሞልትከ ማንም እቅድ ከጠላት ዋና ኃይል ጋር ከተገናኘ በኋላ በእርግጠኝነት አይዘልቅም ያለ ሰው ነው።

ብሏል። ግን ይህን ያለው ሰው እቅድን የናቀ ሰው አልነበረም። ጦሩን በባቡር ሰዓት አስልቶ የሚያንቀሳቅስ ነበር። በ1866 ከኦስትሪያ ጋር ሲዋጋ ሠራዊቱን በአምስት የባቡር መስመር ወደ ድንበር አመጣ። ኦስትሪያ አንድ መስመር ብቻ ነበራት። ሞልትከ አስቀድሞ ያሰላውን አሰላ፤ ጦሩ ከተገናኘ በኋላ ያለውን ለሁኔታው ተወ። የአባባሉ ትርጉም ይህ ነው።

ግትርነትን ማየት ከፈለግን ግን የወንድሙን ልጅ እንይ። ነሐሴ 1914። ታናሹ ሞልትከ የጀርመን ኤታማዦር ሹም ነው። እቅዱ ጦሩን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፈረንሳይ መላክ ነው። 11,000 ባቡር በሰዓትና በደቂቃ ተመድቧል። በወሩ የመጀመሪያ ቀን ከለንደን አንድ ቴሌግራም መጣ። ፈረንሳይ ከጦርነቱ ልትቀር ትችላለች የሚል ተስፋ ሰጠ። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ካይዘር ዊልሄልም ደስ ብሎት ጦሩ በሙሉ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሩሲያ እንዲዞር አዘዘ። ሞልትከ አይቻልም አለ። ይህ የአንድ ዓመት ሥራ ነው፤ አሁን ብናዞረው የሚደርሰው ጦር ሳይሆን ስንቅ የሌለው የተበታተነ መንጋ ነው የሚል መልስ ነበር የሰጠው። ከባቡር ክፍሉ መኮንኖች አንዱ የነበረው ፎን ሽታብ በኋላ ይቻል ነበር ብሏል። በዚያች ሌሊት ግን አስልቶ የሚያሳይ ማንም አልነበረም።

አውሮፓ ወደዚያ እሳት ስትገባ ግትር የነበረው እንግዲህ ወረቀቱ ነው። በእጅ፣ በእርሳስ፣ ዓመት ሙሉ የተሠራ ሠንጠረዥ አንዴ ከተጠናቀቀ ማንም ሊነካው አይደፍርም። አንዱን ባቡር ብትነካ አንድ ሺህው ይዛባል። ጸሐፊው ግትርነትን ለሶፍትዌር ሰጡት። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። የሶፍትዌሩ ዋና ጥቅም እቅድ ማውጣቱ ሳይሆን የፈረሰ እቅድ ቶሎ መልሶ መሥራቱ ነው።

በቁጥር ላሳይ። እንበልና 10,000 ሰው ያለበት ጦር ሰፍሯል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ ብንመድብ 150,000 ሊትር ያስፈልጋል። አንድ ቦቴ 15,000 ሊትር ቢይዝ በቀን 10 ቦቴ ነው። ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን ካለቀ 10 ቦቴ ይበቃል። እዚህ ድረስ ማንም ሰው በጭንቅላቱ ይሠራዋል።

አሁን አንድ ድልድይ ተሰበረ። ዙሪያ ጥምጥም ያለው መንገድ ደርሶ መልሱን ሁለት ቀን አደረገው። በአንድ ጊዜ 20 ቦቴ ያስፈልጋል። የተጨመሩት 10 ቦቴዎች ከየት ይምጡ? ከሌላ ክፍል ከተወሰዱ ያኛው ክፍል በስንተኛው ቀን ውኃ ያጣል? 20ውም ቦቴዎች እጥፍ መንገድ ስለሚሄዱ ነዳጅ ይጨምራሉ። ነዳጁን የሚያመጣው ቦቴም በዚያው በረዘመው መንገድ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ እሱም ነዳጅ ይጨምራል። ሾፌሮቹ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይተኛሉ። ጎማ ያልቃል። ጥይት የሚጭነውም መኪና ያን ድልድይ ነበር የሚሻገረው።

ይህ አንድ ድልድይና አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። አንድ ክፍለ ጦር ግን በሺህ የሚቆጠር ዓይነት ዕቃ ነው የሚፈልገው። በእርሳስ ሲሰላ ማታ ይጀመርና በሦስተኛው ቀን ያልቃል። በሁለተኛው ቀን ግን ሌላ ድልድይ ተሰብሯል።

ለዚህ የሚሆን እውነተኛ ምሳሌ አለ፤ ጸሐፊው አላነሱትም። በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ወረረች። በኅዳር ወር አሜሪካ ጀርመን ውስጥ የነበረውን 7ኛ ኮር ወደ ሳዑዲ አረቢያ ለማንቀሳቀስ ወሰነች። ይህ ኮር እዚያው አውሮፓ ላይ ሶቭየት ኅብረትን ለመመከት የተቀመጠ ነው። ወደ በረሃ ይሄዳል ብሎ ያቀደለት አልነበረም። ዳርፓ የሚባለው የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ድርጅት ያሠራው ዳርት የተባለ ፕሮግራም በዚያን ጊዜ ሽቱትጋርት ባለው የአውሮፓ ዕዝ ገባ። የስሙ ትርጉም ራሱ እቅድን የመተንተኛና መልሶ የማቀጃ መሣሪያ ማለት ነው።

ዳርት በአንድ ጊዜ እስከ 50,000 የሚደርስ ተሽከርካሪ፣ ጭነትና ሰው ይይዝ ነበር። መነሻውን፣ መድረሻውን፣ መንገዱን ያያል። ሁለት ነገር አንድ መርከብ ላይ ሲጋጭ ያሳያል። በፊት ሳምንታት ይወስድ የነበረው እቅድ በሰዓታት ውስጥ መውጣት ጀመረ። ዳርፓ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ለ30 ዓመት ያወጣሁትን ገንዘብ ይህ አንድ ሥራ ከነትርፉ መለሰልኝ ብሏል። ይህ የባለቤቱ ምስክርነት ስለሆነ በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል። ሳምንት ወደ ሰዓት መውረዱ ግን ለእኔ ይበቃኛል።

ዳርት መርከብ አልጨመረም፣ ውሳኔም አልሰጠም። መኮንኑ «ይህን ብርጌድ ባስቀድመውስ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን በዚያው ቀን አገኘ። ካይዘር ያን ሌሊት ያጣው ይህን ነው።

ጸሐፊው በመሃል ሩሲያን ያነሳሉ። በ2022 ከኪየቭ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ገደማ የረዘመው ሰልፍ ያለ ነዳጅና ያለ ምግብ ቆሟል፤ ሩሲያ ኮምፒውተር አጥታ ነው ወይ ይላሉ። አይደለም። ጦርነቱ በጥቂት ቀን ያልቃል ተብሎ ነበር የተገመተው። ብዙዎቹ የበታች አዛዦችም ወዴት እንደሚሄዱ የሰሙት በመጨረሻው ሰዓት ነው። ለሦስት ቀን አስላ የተባለ ማሽን ለሦስት ቀን ያሰላል። ጥፋቱ የአዛዡ ነው፣ ይህንንም ጸሐፊው ቢያሰምሩበት እስማማ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ የኮንቴይነሮቹ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት ይዘዋል፣ መደምደሚያቸው ግን ሌላ ቦታ ሄደ። በ1990 እና 1991 ወደ ባሕረ ሰላጤው ከተላኩት 40,000 ገደማ ኮንቴይነሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ውስጣቸው ምን እንዳለ ለማወቅ ብቻ መከፈት ነበረባቸው። ወታደሮቹ ክምሩን «የብረት ተራራ» ብለው ጠሩት። የጎደለውን ዕቃ ያላገኘ ክፍል ደግሞ መልሶ ያዝዛል። እንደገና ያዝዛል። ተራራው ይጨምራል። የዘመቻው የሎጂስቲክስ አዛዥ ጄኔራል ፓጎኒስ በትናንሽ ካርዶች ላይ እየጻፉ ነበር ሥራ የሚያስኬዱት። ጸሐፊው «ካርድ አሸነፈ» ይላሉ።

ካርዱን እኔም እወደዋለሁ። የፓጎኒስ ካርድ ግን ሰው ለሰው ጥያቄና መልስ የሚላላክበት ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ያለውን አይናገርም። ኮንቴይነሩ የጠፋው ሶፍትዌር ስለነበረ ሳይሆን መረጃው ከዕቃው ጋር ስላልተጓዘ ነው። ዕቃው በመርከብ ሄደ፣ ዝርዝሩ ቢሮ ቀረ፣ ወይም ዝናብና አሸዋ በላው።

ከዚያ በኋላ በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ ታግ፣ ማለትም ዕቃው ላይ የሚለጠፍ መለያ፣ መጣ። ኮንቴይነሩ ሳይከፈት ይነበባል። በ2003 ኢራቅ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ታዲያ ችግሩ ተፈታ? አልተፈታም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት መረመረ። ተልኳል በተባለውና ደርሷል ተብሎ በተመዘገበው መካከል 1.2 ቢሊዮን ዶላር ልዩነት አገኘ። ታግ ያልተለጠፈበት ነበር። የተለያየ ክፍል ዕቃ አንድ ፓሌት ላይ ተደባልቆ ስለተጫነ መንገድ ላይ እየተፈታ የሚለይም ነበር።

ይህንን እኔ በዓይኔ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ስሠራ አዲስ ሲስተም ገባልን። አንድ ቀን ከባድ የመኪና ጎማ ተፈለገ። ኮምፒውተሩ 84 አለ ይላል። መደርደሪያው ላይ 31 ነው። ሁላችንም ሌባ ፈለግን። ሌባ አልነበረም። ጎማ የሚወጣው ቅዳሜና እሑድ ጭምር ነበር። ሞዴል 22 የሚባለው የዕቃ ማውጫ ደረሰኝ በእጅ ይቆረጣል፣ ግምጃ ቤት ኃላፊው ይፈርማል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት የማን ሥራ እንደሆነ ማንም አልነገረንም። ሦስት መኪና ለአምስት ቀን ቆመ። ሾፌሮቹ በራሳቸው ገንዘብ ይበሉ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዲት ልጅ ሰኞ ጠዋት ይህን ብቻ እንድትሠራ ተመደበች፤ በሁለት ወር ውስጥ ቁጥሩና መደርደሪያው ተስማሙ። ሶፍትዌሩ ያው ነው። የተለወጠው ሰኞ ጠዋት ነው።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህን ነው። የተሳሳተ ቁጥር የወረቀት እቅድን አያበላሽም? ዓድዋን ራሳቸው አንስተዋልና ወደዚያው ልመልሳቸው። ባራቲዬሪ ለጄኔራሎቹ የሰጠው ካርታ በእጅ የተሳለ ነበር። ኪዳነ ምሕረት የሚለው ስም የተጻፈው በተሳሳተው ኮረብታ ላይ ነው። ከብርጌድ አዛዦቹ አንዱ አልቤርቶኔ አገሩን የሚያውቅ መንገድ መሪ ይዞ ነበርና ወደ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ሄደ። ከሌሎቹ ብርጌዶች ርቆ ብቻውን ተገኘ። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን አንድ የተሳሳተ ስም ብርጌድ አስበላ። የመረጃ ጥራት የሶፍትዌር በሽታ አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ፕሮግራም «ይህ ክፍል በአንድ ቀን የዓመት ጎማ አዟል፣ ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወረቀት አይጠይቅም።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ። እዚህ ላይ በአብዛኛው ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የአሜሪካ አየር ኃይል ከ200 በላይ አሮጌ ሲስተሞችን በአንድ ትልቅ ሲስተም ሊተካ ተነሳ። በኅዳር 2012 ሥራውን ሰረዘው። እስከዚያ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል፤ የተገኘ የሚጨበጥ ነገር አልነበረም። ለመቀጠል ሌላ 1.1 ቢሊዮን ይጠይቅ ነበር፣ ያውም ከታሰበው ሩቡን ለመሥራት። ጉዳዩን ሴናተር ሌቪንና ሴናተር ማኬይን የመሩት ኮሚቴ መርምሮ በ2014 ሪፖርት አወጣ። የኤፍ-35 ተዋጊ አውሮፕላን የጥገና ሲስተምም እንዲሁ ነው። አንድ የአየር ኃይል ክፍል ሲስተሙ በትክክል ስለማይሠራ በእጅ ለመሙላት በዓመት ከ45,000 ሰዓት በላይ እንደሚያጠፋ በ2020 ለኦዲተሮች ተናግሯል። ይህ የግብር ከፋይ ገንዘብ ነው፤ ጸሐፊው ቢቆጡ አይፈረድባቸውም።

ግን ዳርት እንዴት እንደተሠራ ይመልከቱ። ፕሮግራም የሚጽፉት ሰዎችና እቅድ የሚያወጡት መኮንኖች አብረው ተቀመጡ። የሚሠራ ነገር በሳምንታት ውስጥ እጃቸው ላይ ገባ። አንድ ጥያቄ ይዞ ተነሳ፣ ያን መለሰ። የአየር ኃይሉ ሲስተም ደግሞ ሁሉንም ነገር በአንዴ ልዋጥ ብሎ ስምንት ዓመት ገደማ ፈጀ። ሁለቱን አንድ ላይ «ሶፍትዌር» ብሎ መኮነን ልክ አይመስለኝም። እንደኛ ላለ አቅሙ ውስን ለሆነ አገር ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለቦቴና ለድልድይ ስሌት ቢሊዮን አያስፈልግም። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት የተማሩ ልጆችና መንገዱን የሚያውቅ አንድ አሮጌ የስምሪት ሰው ይበቃል። ይኸው ዓይነት ስሌት እህልም ያደርሳል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የዕርዳታ እህልን ከየትኛው ገበያ እንደሚገዛ፣ በየት እንደሚያጓጉዝ በሚያሰላበት ሥራው በ2021 የኤደልማን ሽልማትን አግኝቷል። በዚህ ሙያ ከትልልቆቹ አንዱ ሽልማት ነው።

ጠላት ሊሰብረው ይችላል የሚለው ትክክል ነው፤ የምጨምርበት እንጂ የምከራከርበት የለኝም። በሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት የመርከብ ኩባንያውን ሜርስክን መታው። በአሥር ቀን ውስጥ የ45,000 ኮምፒውተርና የ4,000 ሰርቨር ፕሮግራም እንደገና መጫን ነበረበት። ኩባንያውን ካዳኑት አንዱ ጋና ያለው ቢሮ ነው፤ በዚያን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ስለነበር አንድ ሰርቨራቸው ሳይነካ ተረፈ። መብራት መጥፋቱን የባረክሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በአሥሩ ቀናት ውስጥ ግን መርከቦቹ አልቆሙም፤ ሠራተኛው በስልክና በወረቀት ሥራውን አስኬደ። ስለዚህ ካርዱ ይቀመጥ። በወር አንድ ቀን ማሽኑ ይጥፋና ሁሉም በእጅ ይሥራ። ይህን ጸሐፊው ቢመክሩ ኖሮ ጽሑፋቸውን ለሁሉም እልክ ነበር።

የመጨረሻው ነጥባቸው ልቤን ነካው። ማሽን የመኮንኑን ጭንቅላት ያደነዝዛል፤ ለንግድ የተፈጠረ ነገር በሠራዊት ላይ ተጫነ ይላሉ። ሁለተኛው ግማሽ የተገለበጠ ነው። የዛሬ እቅድ አውጪ ሶፍትዌሮች የቆሙበት ሒሳብ የተወለደው ሠራዊት ውስጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጆርጅ ዳንዚግ የተባለ የሒሳብ ሰው በፔንታጎን ለአየር ኃይል ይሠራ ነበር። ሥልጠናውን፣ ስንቁን፣ ማጓጓዣውን በማሽን ማቀድ ይቻል እንደሆነ አስብበት ተባለ። በ1947 ሲምፕሌክስ የሚባለውን፣ ከብዙ አማራጮች የተሻለውን በስሌት የሚመርጥ ስልት አወጣ። ነጋዴው በኋላ ነው የተቀበለው።

ስልቱ በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው ነገሮች አንዱ ምግብ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ስቲግለር የተባለ የምጣኔ ሀብት ሰው 77 የምግብ ዓይነት ይዞ ጠይቆ ነበር። አንድ ሰው ከምግብ የሚያስፈልጉትን ዘጠኝ ንጥረ ነገሮች አሟልቶ በትንሹ ገንዘብ ዓመት እንዴት ይኖራል? በግምት በዓመት 39 ዶላር ከ93 ሳንቲም አለ። በአዲሱ ስልት በእጅ ማስያ ሲሠራ 120 የሰው ቀን ፈጀ። መልሱ 39 ከ69 ሆነ። 24 ሳንቲም ብቻ ነው የተሳሳተው።

ይህን ታሪክ የምናገረው ለጸሐፊው ስል ነው። የጠንካራ ሰው ግምት ምን ያህል እንደሚቀርብ ያሳያል። የእርሳቸውም ግምት ከዓመታት ልምድ የመጣ ነው፤ ማሽን ሊንቀው አይገባም። ግን ስቲግለር የመለሰው አንድ ጥያቄ ነው፣ ጊዜ ወስዶ፣ ዋጋው ሳይለዋወጥ። ያ 120 ቀን የፈጀው ሒሳብ ዛሬ በላፕቶፕ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። የተረፈውን ጊዜ መኮንኑ ለምን ያውለው? ማደንዘዝ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ጊዜውን ስክሪን ላይ አፍጥጦ ካሳለፈ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ወርዶ ቦቴውን ካየ፣ ሾፌሩን ካናገረ፣ ድልድዩን በእግሩ ከሄደበት ግን ጭንቅላቱ ይሳላል።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ያን 10,000 ሰው ያለበትን ጦር የሚመሩት እርሳቸው ይሁኑ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ድልድዩ ተሰብሯል የሚል መልእክት ደረሰ። ያለው ውኃ እስከ ነገ ማታ ነው። ከየትኛው ክፍል ስንት ቦቴ እንደሚወስዱ፣ ያ ክፍል በስንተኛው ቀን እንደሚጠማ፣ በእርሳስ ሲያሰሉ በስንት ሰዓት ያውቁታል?